አርባ ማሽን

ሥራዬ ባንክ ነው፤ ሐራሬ፣ ፎቅ ላይ፣ ሦስተኛ፤
ቁጥር የምመረምር፣ የሒሳብ ዘበኛ።
በጥር ደመወዜ ኪራይ እከፍላለሁ፣
በመጋቢት በዚያው ዱቄት እገዛለሁ፣
በሰኔ ያንኑ ይዤ አስባለሁ፦
ዳቦ ነው ወይስ ታክሲ? አንዱን እተዋለሁ።
ገንዘባችን አይስክሬም ነው፣ ፀሐይ ላይ የያዘው ልጅ፤
ሱቅ እስኪደርሱ ድረስ ይንጠባጠባል ከእጅ።
ሦስት ዜሮ ሲቆርጡ፣ ስድስት ዜሮ ሲቆርጡ
አይቻለሁ፤ ሽማግሎች ጡረታቸውን ሲያጡ፤
መንግሥት እንደ ፀጉር አስተካካይ መቀሱን ይዞ፣
እኛ አንገት ደፍተን፣ ዜሮ ወለሉ ላይ ተጎዝጉዞ።

አንድ ማክሰኞ ግን አንድ ፋይል መጣ፣
«ሙቻኔታ ላውንደሪ»፣ ከምባሬ ሰፈር የወጣ።
ስሟ በሾና ቋንቋ «ትደክማላችሁ» ነው፤
እናቷ ለማን እንዳለችው እንጃ፣ ለጎረቤት ነው ወይ ለአገር ነው።
«አርባ ማሽን አለኝ፣ አጥባለሁ አንሶላ
ለስድስት ሆቴሎች፣ ቀን ሌት ሳልላላ»
ይላል ወረቀቱ። በየሐሙስ ሐሙሱ
ጠዋት ዶላር ይገባል፣
ከሰዓት ወደ ዱባይ ይበራል፣ ሳይሞቅ ትራሱ።

ሄድኩ። አርባ ማሽን ሲዞር ከሩቅ ይሰማኛል፣
ጩኸቱ ራሱ ቤቱን ያሳየኛል
ብዬ ነበር።
ያገኘሁት አንድ ሳፋ፣ ጆሮው የተሰበረ፣
ቧንቧ ሥር የተቀመጠ፣ አረፋ ያቀረረ፤
ሁለት ክንድ፣ እስከ ክርኑ የነጣ።
ከኋላዋ ገመድ፤ ገመዱ ላይ ሸሚዝ የለ፣ ካልሲ የለ፣
ዶላር ነው፣ የታጠበ ዶላር፣ በልብስ መቆንጠጫ የተሰቀለ።
አንድ፣ አንድ፣ አምስት፣ አንድ። ከጡት መያዣ፣ ከጫማ ሥር የወጣ፣
ላብ የጠገበ፣ ካፔንታ ዓሣ የሸተተ፣ የቲማቲም ውኃ ያራሰው፣
የሚኒባስ ረዳት «ይሄማ ሞቷል» ብሎ የመለሰው።

«ለብ ባለ ውኃ ነው» አለች ቀና ሳትል፣ «ካሹት ፊቱ ይላጣል፤
ሰውዬው ወረቀት ላይ ቢሆንም፣ ያው ሰው ነው፣ ቆዳው ይሳሳል።»
«ዋጋው?» «ለአሥር ኖት ግማሽ ሳሙና።»
«አርባው ማሽንስ?»
ሳቀች። «መብራትም አልገባልን ገና።»
ፈርማለች፣ አዎ። ሚስተር ማጎራ፣ የወርቅ ነጋዴው፣
ወረቀት ይዞ መጣ ሸሚዙን ሊወስደው፤
«የሴቶች ማኅበር ነው» ብሎ ሁለት ካርቶን ሳሙና አወረደ፣
ፊርማዋን አጣጥፎ ኪሱ ከቶ ሄደ።
ቆሜ ቀረሁ። «አጠበ» የሚለው ግሥ፣ ሁለት ነው ለካ ልብሱ፤
ሰሙ እሷ፣ ወርቁ እሱ።

ከኪሴ ያለችኝን አንድ ዶላር፣ የጠቆረች፣ አወጣሁ፤
አጠበችልኝ። እስክትደርቅ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ስለ ዝናብ አወራሁ።
ከሰነድ ይልቅ ዝናብ ይቀላል።
«ድሮ እኔም ባንክ ነበረኝ» አለች፣ «ለልጄ ትምህርት ያስቀመጥኩት፤
አንድ ቀን ደብዳቤ ላኩልኝ፤
ሒሳቤን ከቴምብሩ ዋጋ አንሶ አገኘሁት።»
ያኔም እዚያው ፎቅ ነበርኩ። ደብዳቤ እጽፍ ነበር፣ በቀን ሁለት መቶ።
አልነገርኳትም። ገመዱን አየሁ፣ ነፋስ ገብቶበት፣ ተወዛውዞ፣ ረግቶ።

ሪፖርቴ አሥራ አንድ ገጽ። «ማሽን፦ የለም። ሳፋ፦ አንድ።»
አለቃዬ ጣቱን እያራሰ አነበበ፤
«ዜሮ አብዝተሃል» አለኝ። አሥራ አንዱ ሆነ አንድ።
ያም አንዱ «ደንበኛዋ አድራሻ ቀይራለች» ይላል።
በሚቀጥለው ሐሙስ ዶላሩ በሌላ ስም ገባ፤
«ዳቦ ቤት፣ ሠላሳ ምድጃ አለኝ» ይላል።
ጭሱን ፍለጋ አልወጣሁም።

ማታ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ያቺን ዶላር ሰጠሁ።
ረዳቱ ለአምፖሉ አሳያት፣ አሸተታት፣
«ሳሙና ሳሙና ትላለች» ብሎ በጣቱ መታት፤
«ንጹሕ ናት፣ ወንድሜ። መልስ ግን የለኝም።»